ኮንትራክተር ገንዘብህን ሲይዝብህ፦ ከልኬት እስከ ክስ

ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከየካ አባዶ፣ ከለገጣፎ የሚደወልልኝ ስልክ ሁሌ አንድ ነው። «ሥራውን ከጨረስኩ ሦስት ወር ሆነኝ፣ ኮንትራክተሩ ነገ ዛሬ እያለ ያመላልሰኛል፣ ምን ላድርግ?» እኔም መልሼ የምጠይቀው አንድ ነው፦ «የተፈረመ ልኬት አለህ?» አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደግም ሁሉንም በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

ይህ መመሪያ ከዋናው ኮንትራክተር ላይ ሥራ ቆርሶ ለወሰደ ሰብ ኮንትራክተር (በሳይት አጠራር «ሰብ») ነው። ልስን፣ ብሎኬት፣ ፌሮ፣ ካሳፎርማ፣ ሴራሚክ፣ ቀለም፣ ኤሌክትሪክ፣ ሳኒተሪ፣ የእጅ ዋጋ ብቻም ሆነ ከነማቴሪያሉ፣ አካሄዱ አንድ ነው። በቀን ሒሳብ ተቀጥረህ የምትሠራ ከሆነ ግን ጉዳይህ የሚታየው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ (1156/2011) ስለሆነ መንገዱ ሌላ ነው።

የሚያስፈልጉህ ነገሮች

- የተፈረመ ውል፣ ቢያንስ ሁለት ኦሪጂናል ቅጂ
- ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን)
- ባለ ካርቦን ደብተር። አንዱ ቅጠል ለኮንትራክተሩ፣ አንዱ ለአንተ ይቀራል
- ሜትር፣ እስክሪብቶ (እርሳስ አይሆንም)፣ የሥራው ፕላን ኮፒ
- ፎቶ የሚያነሳ ስልክ
- ሰነድ ማስቀመጫ ክላሰር
- ክፍያ የሚገባበት በራስህ ወይም በድርጅትህ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ

ካርቦን ደብተሩን አትናቀው። ኮንትራክተሩ ፈርሞ የወሰደው ወረቀት እሱ ጋ ከቀረ አንተ ጋ ምንም የለም ማለት ነው።

ደረጃ 1፦ ሥራው ሳይጀመር ውሉን በወረቀት አድርግ

ውሉ ሁለት ገጽ ቢሆን ይበቃል፤ የሚከተሉት ግን ሊጎድሉት አይገባም።

የነጠላ ዋጋው ምን ምን እንደሚያካትት ጻፍ። «ልስን በካሬ 150 ብር» ብቻ ብለህ ከተፈራረምክ ስካፎልዲንግ ማን ያቆማል፣ ሲሚንቶና አሸዋ ወደ ፎቅ ማን ያወጣል፣ ፍርስራሽ ማን ይጠርጋል የሚለው ሁሉ በኋላ ጭቅጭቅ ይሆናል። ከክፍያህ ላይ የሚቆረጠውም በዚህ ቀዳዳ ነው።

ልኬቱ እንዴት እንደሚያዝ ጻፍ። በርና መስኮት ይቀነሳል? የመስኮቱ ጎንና ጎን ውፍረት ይታሰባል? ኮርኒሱ ከግድግዳው ጋር በአንድ ዋጋ ነው ወይስ ለብቻው?

ክፍያ መቼ እንደሚፈጸም ቁርጥ ያለ ቀን አስቀምጥ፦ «ልኬት ተፈርሞ የክፍያ ጥያቄ በቀረበ በ15 ቀን ውስጥ»። ብዙ ኮንትራክተሮች «ባለቤቱ ሲከፍለኝ እከፍላለሁ» የሚል ሐረግ ያስገባሉ። ሐረጉን ማስወጣት ካልቻልክ ጣሪያ አብጅለት፦ «ባለቤቱ ባይከፍል እንኳ ልኬቱ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ከ60 ቀን ሊያልፍ አይችልም»። ያለዚህ ጣሪያ ገንዘብህ አንተ በማታውቀው በባለቤቱና በኮንትራክተሩ ውል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ሪቴንሽን (ከክፍያህ ተቀንሶ ለመያዣ የሚቆይ ገንዘብ) ስንት እንደሚያዝና መቼ እንደሚለቀቅ ጻፍ። በብዛት 5 በመቶ ነው። «ከሕንፃው ርክክብ በኋላ» በሚለው አትስማማ። አንተ የመሠረት ፌሮ አስረህ በሦስት ወር ብትወጣ ሕንፃው እስኪረከብ ሦስት ዓመት ሊወስድ ይችላል። «የእኔ ሥራ ርክክብ ከተደረገበት ቀን» የሚለውን አስገባ።

ሳይቱ የት እንዳለ በትክክል ጻፍ። የከተማው ዳር ላይ አንድ መንገድ ተሻግረህ ከአዲስ አበባ አስተዳደር ወጥተህ ሸገር ከተማ ውስጥ ትገባለህ፤ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ገላን በ2015 ዓ.ም. የተጠቃለሉት እዚያ ነው። ይህ ነገር ክስ ላይ ስትደርስ የትኛው ፍርድ ቤት እንደምትሄድ ይወስናል።

በመጨረሻ ሁለታችሁም በየገጹ ፈርሙ፣ የድርጅቱ ማኅተም ይደረግ፣ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙ። የገንዘቡ መጠን ከበድ ያለ ከሆነ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ አስመዝግቡት። የሚፈርመው ሰው የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ወይም ውክልና ያለው መሆኑን አይተህ አረጋግጥ። በፎርማን ፊርማ ብቻ የተገባ ውል «ሥልጣን አልሰጠነውም» ተብሎ ሊካድ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ልኬቱን ሳይሸፈን በጋራ ያዝ

ከሁሉም ደረጃ የሚበልጠው ይህ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ስጥ።

ግንባታ ማለት አንዱ ሥራ ሌላውን እየሸፈነ የሚሄድበት ነው። ፌሮው በአርማታ ይሸፈናል፣ ብሎኬቱ በልስን፣ ልስኑ በሴራሚክና በቀለም፣ የኤሌክትሪክ ቱቦው በግድግዳ። የተሸፈነ ነገር አይለካም። ስለዚህ ልኬት የሚያዘው ሥራው ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ሳይሆን የአንተ ሥራ ሊሸፈን ሲል ነው፤ ፌሮ ከሆነ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት፣ ልስን ከሆነ ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት።

እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ ኪሳራ ነው። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የአንድ ጂ+2 ቤት የውስጥ ልስን ሠራሁ። ከሳይት ኢንጂነሩ ጋር ወዳጅ ስለነበርን ልኬቱን በራሴ ደብተር ብቻ ነበር የያዝኩት። ሴራሚኩ ተለጥፎ፣ ቀለሙ ተቀብቶ ኢንጂነሩ ሥራ ለቀቀ። አዲሱ መጥቶ «ከሴራሚኩ ኋላ ልስን እንዳለ በምን አውቃለሁ?» አለኝ። የኩሽናና የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ 74 ካሬ ነበር፤ በወቅቱ ዋጋ በካሬ 95 ብር፣ 7,030 ብር። ሴራሚክ አስነቅዬ ላሳይ አልችልም። የስድስት ሠራተኞቼን ሒሳብ ከኪሴ ከፈልኩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሥራው ከመሸፈኑ ሁለት ቀን በፊት ለሳይት ኢንጂነሩ በጽሑፍ ንገረው፤ በቴሌግራምም ይሁን በኤስኤምኤስ። «ኢንጂነር፣ የሁለተኛ ፎቅ ልስን አልቋል። ሐሙስ ሴራሚክ ስለሚገባ ረቡዕ ጠዋት ልኬት አብረን እንድንይዝ እጠይቃለሁ» በቂ ነው። በቃል ብቻ ከተነጋገርክ «አልነገረኝም» ይመጣል።

ሲለካ አንዱ ሜትር ይያዝ፣ ሌላው ይጻፍ፣ ክፍል በክፍል። ለምሳሌ 4.00 በ3.50 የሆነ፣ ከፍታው 2.80 የሆነ መኝታ ቤት፦

ዙሪያው 15.00 ሜትር × 2.80 = 42.00 ካሬ
በር 0.90 × 2.10 = 1.89 (ይቀነሳል)
መስኮት 1.50 × 1.20 = 1.80 (ይቀነሳል)
የመስኮቱ ሁለት ጎንና ላይኛው ውፍረት 3.90 × 0.15 = 0.585 (ይደመራል)
የተጣራ 38.895 ካሬ

ያቺ 0.585 ትንሽ ትመስላለች። 40 መስኮት ባለው ሕንፃ ላይ 23.4 ካሬ ትሆናለች፤ በ150 ብር ሲባዛ 3,510 ብር። በርና መስኮት ሲቀነስ የማይረሳ ሰው የመስኮቱን ጎን መደመር ግን ይረሳል። አንተ አትርሳ።

ለእያንዳንዱ ፎቅ የልኬት ወረቀቱ ላይ ቀን፣ የፎቁና የክፍሉ ስም፣ የሁለታችሁ ስምና ፊርማ ይኑር። ስም የሌለው ፊርማ ከዓመት በኋላ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ኢንጂነሩ ከአንዳንዱ ቁጥር ጋር ካልተስማማ ሙሉውን ወረቀት ሳይፈርም እንዲሄድ አትፍቀድ። «ከዚህ መስመር በስተቀር» ብሎ በጽሑፍ አስፍሮ ይፈርም፤ ያልተስማማችሁበት 10 ካሬ የተስማማችሁበትን 850 ማስያዝ የለበትም።

አልመጣም ካለስ? ራስህ ለካ፣ ሜትሩ ግድግዳው ላይ ተዘርግቶ እንዲታይ አድርገህ ፎቶ አንሳ፣ ቁጥሮቹን በዚያው ቀን በቴሌግራም ላክለት፤ «እስከ ዓርብ ተቃውሞ ካለ አሳውቀኝ» በል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ስለዚህ መልእክቱን አታጥፋ፣ ስልክህን ስትቀይርም ይዘኸው ሂድ።

ደረጃ 3፦ ተጨማሪ ሥራ ሲታዘዝ መጀመሪያ ወረቀት፣ ከዚያ ሥራ

«ይቺን ግድግዳ አፍርሰህ እንደገና ሥራት፣ እናስብልሃለን» የሚባለው ነገር ብዙ ሰው የሚበላበት ነው። በሳይት መመሪያ ደብተሩ ላይ ወይም በካርቦን ደብተርህ ላይ የታዘዘውን ሥራ፣ መጠኑንና ዋጋውን ጽፈህ አስፈርም። ዋጋው ካልተቆረጠ «በዕለት ሥራ ሒሳብ» ብለህ የሠራተኛ ቁጥርና ሰዓት መዝግብ። የሚያዝህ ሰው «በኋላ እፈርማለሁ» ካለ «እሺ ኢንጂነር፣ ሲፈርሙልኝ እጀምራለሁ» ማለት ነውር አይደለም።

ደረጃ 4፦ የክፍያ ጥያቄ በጽሑፍ አቅርብ

ልኬቱ ተፈረመ ማለት ክፍያ ተጠየቀ ማለት አይደለም። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ጥያቄህ ከደረሰ በኋላ ነው። ሒሳቡን እንዲህ ዘርዝር፦

የተሠራ ሥራ 860 ካሬ × 150 ብር = 129,000
ሪቴንሽን 5 በመቶ = 6,450 (ይቀነሳል)
ቀድሞ የተወሰደ አድቫንስ (ቅድሚያ ክፍያ) = 30,000 (ይቀነሳል)
አሁን የሚከፈል = 92,550 ብር

ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገብክ ከሆነ 15 በመቶውን ለብቻው አሳይ። የተፈረመውን የልኬት ወረቀት ኮፒ አያይዝ፣ ኦሪጂናሉን አትስጥ። የድርጅቱ ጸሐፊ ወይም መዝገብ ቤት በኮፒህ ላይ የተቀበለበትን ቀን ጽፎ ማኅተም እንዲያደርግ ጠይቅ።

ደረሰኝ ማቅረብ የማይችል ሰብ «ወጪውን ማስያዝ አልቻልንም» በሚል ይጉላላል። ንግድ ፈቃድና ቲን ከላይ ያስገባሁት ለዚህ ነው።

ደረጃ 5፦ ገንዘቡን ስትቀበል

በተቻለ መጠን በባንክ ይግባልህ። በእጅ ከተቀበልክ ለስንተኛው ክፍያ እንደሆነ የሚገልጽ ደረሰኝ ስጥ። ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያህ ላይ ቀድሞ የሚቆረጥ ግብር) ከቆረጡብህ የቆረጡበትን ደረሰኝ ጠይቅ፤ ያለሱ ግብርህ ላይ አይታሰብልህም።

ቼክ ከተሰጠህ ስሙ፣ በፊደልና በቁጥር የተጻፈው ገንዘብ፣ ቀኑና ፊርማው ትክክል መሆኑን እዚያው እያለህ አንብብ። ኪስህ ውስጥ ይዘህ አትቆይ፤ ቼክ በተጻፈ በ6 ወር ውስጥ ለባንክ መቅረብ አለበት። በቂ ስንቅ (በሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ) የለውም ተብሎ ከተመለሰ ባንኩ ምክንያቱን ጽፎ ማኅተም አድርጎ እንዲሰጥህ አድርግ። ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስጠይቃል፤ በፍትሐ ብሔርም ገንዘቡን በአጭር ሥነ ሥርዓት መጠየቅ ትችላለህ፣ ከመደበኛ ክስ የፈጠነ ነው።

⚠ ከፊሉን ሲከፍሉህ «ምንም ቀሪ ሒሳብ የለኝም» የሚል ወረቀት ያቀርቡልሃል። አትፈርም። ገንዘቡን እንደምትፈልገው አውቃለሁ፣ ሠራተኛህ በር ላይ እየጠበቀህ ይሆናል። «ከጠቅላላው ብር ይህን ያህል ተቀብያለሁ፣ ይህን ያህል ይቀረኛል» ብለህ ጽፈህ ፈርም።

ደረጃ 6፦ ለምን እንደዘገየ ለይ

ቀኑ ካለፈ ከመቆጣትህ በፊት ምክንያቱን ጠይቅ፤ ምክንያቱ መልሱን ይወስናል።

«ባለቤቱ አልከፈለኝም» ካለህ፣ ውልህ ከእሱ ጋር እንጂ ከባለቤቱ ጋር አይደለም። ውልህ ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈ ይህ የእሱ ችግር ነው። ሆኖም የክፍያ ሰርተፊኬቱ (ኮንትራክተሩ ከባለቤቱ ክፍያ የሚጠይቅበት ሰነድ) ላይ የአንተ ሥራ ተካትቶ እንደሆነ አጣራ። ተካትቶ ባለቤቱ ከከፈለ ምክንያቱ ወደቀ።

«ልኬቱ ትክክል አይደለም» ካለህ፣ የተፈረመውን አሳየው። ካልተፈረመ ኮንሰልታንቱ (ሥራውን ለባለቤቱ የሚቆጣጠረው አማካሪ) ባለበት እንደገና እንዲለካ ጠይቅ፤ እስከዚያ የማያከራክረውን ክፍል እንዲከፍል በል።

«ሲሚንቶ አባክነሃል፣ ሥራው ተበላሽቶ አስተካክለናል» ካለህ፣ መጠኑን፣ ቀኑንና ደረሰኙን በጽሑፍ ጠይቅ። የሥራ ጉድለት ካለ መጀመሪያ አንተ እንድታስተካክል ሊነገርህ ይገባ ነበር። በእርግጥ የአንተ ጥፋት ከሆነ ሄደህ አስተካክል፤ ለ5,000 ብር ጥገና ብለህ 90,000 ብር አታስይዝ።

ደረጃ 7፦ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ስጥ

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 መሠረት ተዋዋይህ ውሉን አልፈጸመም ለማለት መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይኖርብሃል። ወለድም የሚቆጠረው ከዚህ በኋላ ነው፤ በውሉ ላይ ካልተወሰነ በአንቀጽ 1751 በዓመት 9 በመቶ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን ባዘገየህ ቁጥር ወለድህን ትቀንሳለህ።

ይህን ገልብጠህ ሙላው፦

> ቀን፦ ................
> ለ፦ ................
> ጉዳዩ፦ ያልተከፈለ የሥራ ዋጋ እንዲከፈል የተሰጠ ማስጠንቀቂያ
>
> በ............ ዓ.ም. ባደረግነው ውል መሠረት በ............ ሳይት የልስን ሥራ ሠርቼ በ............ ቀን በጋራ በያዝነው ልኬት 860 ካሬ ሜትር መሆኑ ተረጋግጧል። ከጠቅላላ ዋጋው ብር 129,000 ላይ አድቫንስና ሪቴንሽን ተቀንሶ ቀሪ ብር 92,550 እንዲከፈለኝ በ............ ቀን በጽሑፍ ብጠይቅም እስካሁን አልተከፈለኝም። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ እንድትከፍሉኝ፣ ካልሆነ ግን ገንዘቡን ከሕጋዊ ወለድና ወጪ ጋር በሕግ የምጠይቅ መሆኑን አስታውቃለሁ።
>
> ስምና ፊርማ
> አባሪ፦ ውል፣ የልኬት ወረቀት፣ የክፍያ ጥያቄ

ስድብ፣ ዛቻ፣ «ሌባ» የሚል ቃል አይግባበት፤ ነገ ዳኛ ያነበዋል። በመዝገብ ቤት አስገብተህ አስፈርም። አንቀበልም ካሉ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ላክ፣ የፖስታውን ደረሰኝ ክላሰርህ ውስጥ አስገባ።

⚠ ሥራ ለማቆም ካሰብክ ድንገት ሠራተኛህን ይዘህ አትውጣ። ከስንት ቀን በኋላ እንደምታቆምና ለምን እንደሆነ ቀድመህ በጽሑፍ አሳውቅ። አለዚያ «ሥራ ጥሎ ሄደ» ተብሎ ኪሳራ የሚጠየቀው አንተ ትሆናለህ።

⚠ በር አትቆልፍ፣ ፌሮ ወይም ሲሚንቶ በዕዳ ይዤ ነው ብለህ ከሳይት አታውጣ። ገንዘብ የሚጠይቀው ሰው በወንጀል ተከሳሽ ሆኖ ፖሊስ ጣቢያ ሲቆም አይቻለሁ።

ደረጃ 8፦ ሽማግሌ፣ አስታራቂ፣ ግልግል

ሁለታችሁንም የሚያውቅ ሰው፣ ለምሳሌ ኮንሰልታንቱ ወይም በዕድሜ የገፋ ባለሙያ፣ ቢገባበት ብዙ ነገር እዚህ ያልቃል። ስምምነቱ ግን በቃል አይቅር፤ መጠኑና የክፍያ ቀኖቹ ተጽፈው ይፈረሙ። ዕዳውን አምኖ መፈረሙ በራሱ ላንተ ማስረጃ ነው፣ የይርጋውን (የመክሰሻውን) ጊዜም ያቋርጣል።

ውልህን ገልጠህ «አለመግባባት በግልግል (ከፍርድ ቤት ውጭ በተመረጠ ገላጋይ ዳኛ) ይታያል» የሚል አንቀጽ እንዳለበት አንብብ። ካለ በቀጥታ ፍርድ ቤት ብትሄድ ተቃውሞ ይነሳብሃል። ግልግል የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 ነው።

ደረጃ 9፦ ክስ

ከመክፈትህ በፊት ሦስት ነገር ወስን።

የትኛው ፍርድ ቤት? የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር ያያል። ሳይቱ ሸገር ከተማ ውስጥ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ኦሮሚያ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል፤ እዚያ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ የክስ ማመልከቻህን በዚያው ቋንቋ የሚጽፍልህ ሰው ያስፈልግሃል። የኮንትራክተሩ አድራሻና ምዝገባም ነገሩን ሊለውጠው ስለሚችል የዳኝነት ክፍያ ከመክፈልህ በፊት ጠበቃ አማክር። የዳኝነት ክፍያው የሚሰላው በምትጠይቀው ገንዘብ ልክ ነው።

ማንን ነው የምትከሰው? ውሉ ላይ የፈረመውን ድርጅት። ሥራ አስኪያጁን በግል ስሙ ከከሰስክ ጊዜህን ታባክናለህ።

ዕግድ ያስፈልጋል? ኮንትራክተሩ ማሽኑን እየጫነ ከሳይት ሊወጣ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ካለህ ከክሱ ጋር በቃለ መሐላ የተደገፈ የዕግድ ማመልከቻ አስገባ። ተፈርዶልህ ገንዘብህን የምትሰበስብበት ንብረት ከሌለ ፍርዱ ወረቀት ብቻ ይሆናል።

ከውል የሚመነጭ ጥያቄ በጠቅላላው ድንጋጌ በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ይህ ግን የሕጉ የመጨረሻ ጠርዝ ነው። ምስክርህ አገር ሊለቅ፣ ድርጅቱ ሊፈርስ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

የሥራ ቦታው ፎቶ ብቻ ይዞ መምጣት፦ ፎቶ ሥራው መሠራቱን እንጂ መጠኑንና ማን እንደሠራው አያሳይም። በዘመድ ስም በተከፈተ ሒሳብ ክፍያ መቀበል። አድቫንስ ሲወሰድ ሳይጽፉ ቆይቶ መጨረሻ ላይ «ስንት ነበር የወሰድኩት?» መባባል። ሁለት ሳይት ላይ ለአንድ ኮንትራክተር እየሠሩ ሒሳቡን መቀላቀል፤ ለየሳይቱ የተለየ ደብተር ያዝ።

ደረጃ 10፦ ሪቴንሽኑን አትርሳ

ዋናው ክፍያ ከገባ በኋላ ያቺ 6,450 ብር ትረሳለች፤ ከአምስት ሥራ ስትጠራቀም ግን የአንድ ወር የሠራተኛ ደመወዝ ትሆናለች። ሥራህን ስታስረክብ የርክክብ ወረቀት አስፈርም፤ ከእሱ ውጭ የመያዣው ጊዜ ከመቼ እንደሚቆጠር የሚያሳይ የለም። የሚለቀቅበትን ቀን ስልክህ ላይ ከአንድ ሳምንት ቀድሞ እንዲጮህ ሙላው፤ ሲጮህ በደረጃ 4 እንዳደረግከው ጥያቄህን በጽሑፍ አስገባ።